የወንጪዋ ሴት ቅል

እናቴ ጉልበቷ ከዳትና ከቡታጅራ ወዲያ መንገድ አትችልም። ከአምቦ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ጠዋት ማታ «እስቲ እንደገና ንገረኝ» እያለች መቀመጫ ነስታኛለች፤ በነገርኳት ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ዘልያለሁ ብላ ትቆጣኛለች። ስለዚህ ልጆቼ እንዲያነቡላት ጉዞውን ከመነሻው ጀምሬ በየቀኑ ከፍዬ ጻፍኩት። አምቦን አይቶ የማያውቅ፣ ለማየትም ሐሳብ የሌለው ሰው ቢያነበው ደስታዬ ነው። ያደግኩበትን ከተማ ለማሳየት ሰበብ ፈልጌ አላውቅም።

አስቀድሜ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። አባቴ ረሺድ ከስልጤ ወጥቶ አምቦ ገበያ ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ ይሸጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር ለገበያ የሚወርደው ሰው ዕቃውን እሱ ዘንድ ያስቀምጥ ነበር፤ ጃንጥላ፣ ኮርቻ፣ ዱላ፣ አንዳንዴም አዲስ የተገዛች ዶሮ። ማታ ሲመለስ የዕቃውን ምልክት ተናግሮ ይወስዳል። አባቴ በዚህ አይደራደርም። ሰውየውን ከልጅነቱ ቢያውቀው እንኳ «ምልክቱ ምንድን ነው?» ሳይል አይሰጥም፤ ሰውየውም ሳይቀየም ይናገራል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከአምቦ በላይ ካለው ደጋ ከወንጪ የመጣች አንዲት ሴት ቅቤዋን ሸጣ ባዶ ቅሏን አስቀመጠችና ወደ ገበያው ገባች። አልተመለሰችም። አንገቱ በቆዳ የተለበጠ፣ ዙሪያውን ዛጎል የተደረደረበት፣ ክዳኑ ከአክርማ ሣር የተሰፋ ትንሽ ቅል ነበር። አባቴ ሴት ደንበኞቹን ሁሉ «እህቴ» ስለሚል ስሟን ጠይቋት አያውቅም። በየሳምንቱ የወንጪን ሰዎች ጠየቀ፤ ወንጪ ደግሞ አንድ መንደር አይደለችም። ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ዘግተን ወደ ዘመዶቻችን አገር፣ ወደ ቡታጅራ፣ ተመለስን፤ ቅሉም አብሮን መጣ። አባቴ ሲሞት ከተናገራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ «የወንጪዋን ሴት ዕቃ አደራ» የሚል ነበር። እናቴ እንዳይሰነጠቅ በየመስከረሙ ውጭውን ቅቤ ትቀባዋለች። ውስጡን ግን «የሰው ነው» ብላ አንድ ቀንም አልነካችውም።

የልጅነት ጓደኛዬ ቶሎሳ አምቦ የታሪክ አስተማሪ ነው። እዚያ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ውስጥ እሱና ጥቂት ሰዎች ሆነው ሕዝብ የሚሰበሰብበት ወግ ያዘጋጃሉ። አንድ ጊዜ ስለ ታሪክ፣ አንድ ጊዜ ስለ ሥዕል፣ አንድ ጊዜ ስለ ዕድርና ስለ ገበያ ይወራል። «ና ስለ አባትህ ሱቅ ንገረን፤ ቅሉንም ይዘህ ና» አለኝ በስልክ። የመንገዱ ነገር እየተበላሸ ደጋግመን አራዘምነው። በመጨረሻ ሰላም ነው ሲሉኝ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ቅሉን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልስቀለው ብሎ ተሟገተኝ፤ እኔም ሞቼ እገኛለሁ አልኩት። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «አባባ፣ ልጅ ከሆነ ይተንፍስ፣ ገለጥ ያድርጉለት» ብሎ መኪናውን ሁሉ አሳቀብኝ። አዲስ አበባ ደርሼ ወደ አስኮ መናኸሪያ እስክሻገር ድረስ ክንዴ ዛለ።

ከሆለታ እስከ አዲስ ዓለም ያለውን መንገድ ባየሁ ጊዜ ልቤ መሞቅ ጀመረ። እኛ ጋ ቤቱ ሁሉ በእንሰት የተከበበ ነው፤ መንገደኛ የሰው ግቢ ውስጥ የሚሆነውን አያይም። እዚህ ሜዳው ተዘርግቶ ማን ማሳ ውስጥ እንዳለ፣ ማን በፈረስ እንደሚመጣ ከሩቅ ይታያል። ልጅ ሆኜ ቡታጅራ ስመጣ ያስለቀሰኝ ይሄ ነበር፤ ሩቅ የሚታይ ነገር ማጣቴ።

ጊንጪ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ዝናቡም ያን ጊዜውን ጠብቆ ወረደ። የጊንጪን ጥቁር ጭቃ የማያውቅ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል። አንድ ጊዜ ከረገጡት ጫማ አይለቅም፤ እኔም አንድ እግር ጫማዬን ትቼ በካልሲ ቆምኩ። ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ገበሬ ከቤቱ ወጥቶ «ማሎ፣ እባካችሁ ኑ ግቡ! ዝናብ ላይ ምን ያቆማችኋል?» እያለ ሁላችንንም አስገባን። ሚስቱ እርጎ በየኩባያው አደረሰችን። ጫማዬን ሰውየው ራሱ በዶማ ቆፍሮ አወጣና በገለባ ጠርጎ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ስሙን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፤ ጎማው ተቀይሮ ጥሩንባው ሲነፋ በጥድፊያ ተለያየንና አሁን ጠፋኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

አምቦ ስገባ ቶሎሳ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን።

«ሸምሱ፣ አርጅተሃል እኮ!» አለኝ።

«አንተ ደግሞ መላጣ ሆነህ ነው መጀመሪያ ያልለየሁህ» አልኩት።

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ ቡልቱ «ባጋ ነጋያን ዱፍተ!»፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ እያለች በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ጴንጤዎች ናቸው፤ ሥጋ ላይ እቸገራለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ እንዴት ደብቄ እንደማልፈው ሳስብ ነበር የመጣሁት። ዶሮ ወጥ ቀረበ። ፊቴን አይታ ሳቀች። «ብላ፣ ብላ! ጎረቤታችን ከድር ነው ያረደልኝ፤ ዶሮዋን ይዤ እሱ ቤት ድረስ ሄጄ።» አፈርኩ፤ በላሁም፤ ደግሜም በላሁ።

ዓርብ

ጠዋት ከተማውን በእግሬ ዞርኩ። የሁሉቃ ወንዝ ያው ነው። እኔ ግን በልጅነቴ ትልቅ ወንዝ አድርጌው ነበር። ፍልውሃው ጋ ስደርስ ሽታው ብቻ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ዓርብ ዓርብ አባቴ እጄን ይዞ ሊያስዋኘኝ የሚወስደኝ እዚያ ነበር። እሱ ከተማውን እስኪሞት ድረስ በድሮ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ነበር የሚላት። የሱቃችን ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፤ ምድር ቤቱ ስልክ ይሸጣል። እዚያ የሚሠራው ወጣት «ምን ልርዳዎት?» አለኝ። የስልክ ሽፋን ገዛሁ፤ ሌላ ምን ልበለው? ለስልኬም አልሆነ።

ከጁምዓ በኋላ ቶሎሳ ሙዚየሟን አሳየኝ። ሁለት ክፍልና አንድ አዳራሽ ናት። ጋሻ፣ ጦር፣ የፈረስ ልብስ፣ የእንጨት ዕቃ በሥርዓት ተቀምጧል። መሐል ላይ አንድ ባዶ የመስታወት ሣጥን አየሁ።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለአንተ ቅል ነዋ! መብራት ሁሉ አስገጥሜለታለሁ።»

«ቶሎሳ፣ ይዤው የመጣሁት ባለቤቱን ልፈልግ ነው። ለሙዚየም ልሰጥ አይደለም።»

«ባለቤቱን? ስንት ዘመን ሆነው? እሷ ብትኖር አሁን አሮጊት ናት፤ ሞታም ይሆናል። እዚህ ቢቀመጥ ልጅ ሁሉ ያየዋል። የአባትህም ስም ይነሳል።»

«አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ለሦስተኛ ሰው ይሰጣል?»

እሱም ተቀየመ፤ እኔም ተቀየምኩ። መለስ ብሎ «እሺ፣ እሑድ በወጉ ላይ አሳያቸው። ማንም ካላወቀው ግን ለሙዚየሙ ትተወዋለህ» አለኝ። ተስማማሁ። ተስማምቼ ከወጣሁ በኋላ ግን ቀኑን ቆጠርኩ። የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ነገር ግን ለእሱም አልነገርኩትም። ከዛጎሎቹ መሐል አንዱ ወድቆ በቦታው ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ተሰፍቷል። ያ ምልክቱ ነው፤ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ያንን መናገር አለበት።

ቅዳሜ

ጠዋት ቅሉን ቶሎሳ ሳሎን አስቀምጬ ወደ ወንጪ ወጣሁ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ብርዱ አጥንት ይገባ ጀመር። ድንገት ግራና ቀኙ እንሰት ሆነ፤ የእናቴን ጓሮ ያየሁ መሰለኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያቺ ሴት ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ምግብ የምትበላ ሰው እንደነበረች አላሰብኩም ነበር። የወንጪ ሐይቅ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ያምራል፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም፤ ያየሁት በግማሽ ልብ ነው።

ከቤት ቤት እየዞርኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ቤት ሕፃናት ብቻ። ቀጥሎ ያለው ቤት ዝግ። ሌላው ቤት ውሻ ብቻ አባረረኝ። በመጨረሻ ፈረስ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ፣ አዩኝና ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው! ሴቱ ሁሉ አምቦ ገበያ ወርዷል። አንተ ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከአምቦ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። የአምቦ ገበያ ዳር ያደግኩ ሰው፣ የወንጪን ሴቶች ፍለጋ በገበያ ቀን ወንጪ መውጣቴን ምን ብዬ ላስረዳቸው? መንገድ ላይ ቅቤና እንቁላል ይዘው ሲወርዱ አልፌያቸው ነው የመጣሁት፤ ሰላምም ብያቸዋለሁ። ኦቦ ገመዳ ግን ከሳቃቸው በኋላ ቁጭ አድርገው ትኩስ ቆጮ በአይብ አበሉኝ። ከእኛው ቆጮ ትንሽ ይወፍራል፤ እናቴ እንዳይከፋት እንጂ ይጣፍጣልም። የሴትየዋን ነገር ከሰሙ በኋላ «በዚያ ዘመን ተስቦ ገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ወስዶብናል። እኔ ከገበያ ለሚመለሱት ሁሉ ስለ ነገው ወግ እነግራለሁ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ተመለስኩ። ሳሎን ስገባ ቅሉ ከጋቢው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ክዳኑን ሳነሳ አፍ እስከ ገደፉ ለጋ ቅቤ ተሞልቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

ቡልቱ ከጓዳ እየሳቀች ወጣች። «ከገበያ የወንጪ ቅቤ ገዝቼ ሞላሁልህ! ከቡታጅራ ድረስ ባዶ ቅል ታቅፎ የመጣ ሰው ባዶውን ይዞ ይመለሳል እንዴ? ውስጡን በወይራ አጥኜዋለሁ፤ እንዳይሸትህ።»

ቶሎሳ ምንም አልነገራትም ነበር። እሱም ገብቶ ሲያይ ራሱን ያዘ። «ቡልቱ! ይሄ ቅርስ እኮ ነው!»

«ቅርስ? ቅል አይደለም እንዴ?» አለች። ከዚያ እኔ ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «የሞተ ሰው ዕቃ ነካሁ ማለት ነው? ወይኔ! አሁኑኑ አወጣዋለሁ፣ አጥበዋለሁ።»

ንዴቴ እዚያው ቀዘቀዘ። እናቴ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልደፈረችውን ይህቺ ሴት በደግነት ብቻ አደረገችው። ደግሞስ በእኛ አገር ቢሆን ማን ነው የእንግዳን ዕቃ ባዶውን የሚመልስ? «ተይው፣ እንዳለ ይሁን» አልኳት። ቶሎሳ ቅቤ የሞላ ነገር መስታወት ውስጥ አይቀመጥም ብሎ አጉረመረመ። እኔ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

እሑድ

ወጉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበት ሞላ፤ አስተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ከገጠር የመጡ ሰዎች። አንድ ሽማግሌ ቆመው መረቁ፤ ሕዝቡ በየማረፊያው «ሃ ታኡ!» እያለ ይቀበላል። እኛ ጋ በእንዲህ ያለ ስብሰባ መጀመሪያ የሚነሳው ማን ለምን አልመጣም የሚል ነው።

ከእኔ በፊት አንዲት ወጣት ሠዓሊ የድሮውን የቅዳሜ ገበያ የሣለችበትን ሥዕል ይዛ ተናገረች። ጥያቄ ካለ ስትል ጥያቄ የሚባል ነገር አልመጣም። ሰው ሁሉ ተነስቶ ይመሰክራል። «ጨው ሻጮቹ የተቀመጡት በዚህ በኩል ነበር!» «የለም፣ ዛፏ ሥር ነበሩ!» «ያቺን ዛፍ ረሳሻት!» ልጅቷ እየሳቀች እዚያው በእርሳስ ዛፏን ጨመረችላቸው። እኔም ሳላስበው እጄን አውጥቼ «የአባቴ ሱቅ ከዛፏ ቀጥሎ ነው» ብዬ ጮህኩ፤ እሱንም ጨመረችው። ሱቃችን ሥዕል ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁ።

ተራዬ ደረሰ። ኦሮምኛዬ ስለዛገ በአማርኛ ተናገርኩ፤ ቶሎሳ ተረጎመ። ስለ አባቴ ነገርኳቸው፤ ኦቦ ረሺድ ስል ከፊት የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች «ወይ ኦቦ ረሺድ!» ብለው አጨበጨቡ። ስለሚያስቀምጡት ዕቃ፣ ምልክት ስለ መጠየቁ ነገርኳቸው። ከዚያ ቅሉን አነሳሁ፤ የቁልፉን ቦታ በመዳፌ ሸፈንኩ። «ይህን የሚያውቅ አለ?»

ቅሉን እያዞርኩ በወንበሮቹ መሐል አለፍኩ። አንዳንዱ አላውቀውም እያለ ራሱን ነቀነቀ። ፊት እስክመለስ ያወቀው አልተገኘም። ቶሎሳ ወደ እኔ መጣና በዝግታ «ሸምሱ፣ ሞክረሃል» አለኝ። መስታወቱ ተከፍቶ መብራቱ በርቶ ይጠብቃል። ቅሉን ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ፤ አባቴ ግን ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ያኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ናት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሰማ ግን የለም።

«አልተሰማም! ጮክ በይ!» አሉ ከየአቅጣጫው።

ማይክ ሰጧት። በማይክም አልተሰማም። «ኧረ ወደ አፍሽ አስጠጊው!» ተባለች። አስጠጋችው። «ጋዲሴ እባላለሁ፤ ከወንጪ ነኝ» አለች። «ትናንት ኦቦ ገመዳ ነግረውን መጣሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እናቴ ገበያ ስትሄድ ቅል ይዛ እንደነበር፣ ቅሉ እንደጠፋ ትነግረኝ ነበር።»

«ምልክቱ ምንድን ነው?» አልኳት። የአባቴን ጥያቄ ነበር በራሴ አፍ የጠየቅኳት።

«ዛጎል አለው። አንዱ ወድቆባት ከአባቴ ሸሚዝ ቁልፍ ፈትታ ሰፍታበታለች። ነጭ ቁልፍ።»

መዳፌን አነሳሁ። ፊት ያሉት አዩት፤ አንዷ አሮጊት እልልታዋን አቀለጠችው። ጋዲሴ በወንበሮቹ መሐል ስትመጣ ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ ነካ ነካ አደረጋት። ቅሉን ተቀብላ በጣቷ ቁልፉን ደጋግማ ዳሰሰችው። የሆነውን ቀስ በቀስ ተናገረች፤ እናቷ ያን ቀን ገበያ ውስጥ ሳለች ተስቦው አንቀጠቀጣት፤ ጎረቤቶቿ በፈረስ ጭነው ወሰዷት፤ በዚያው ሳምንት አረፈች። ጋዲሴ ገና ጡት ትጠባ ነበር።

ክዳኑን ስታነሳ ቅቤውን አየችና ደነገጠች። «እናቴ ባዶውን ነው የተወችው አላልክም?»

ቡልቱ ከጎን እያለቀሰች «እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ» አለች። ጋዲሴ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ቶሎሳም ሄዶ የመስታወቱን መብራት አጠፋና ተመልሶ ቅሉን በጋቢዬ ጠቅልሎ ሰጣት። ጓደኛዬን ያን ጊዜ እንደ ልጅነታችን ወደድኩት።

አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል ጋዲሴ ከፊቴ አልሄድ አለች።

«አንተ አይተሃታል አይደል?» አለችኝ። «ፎቶ የላትም። አክስቴም ከሞተች ቆየች። እናቴን ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።»

እኔ የመጣሁት ቅል ልመልስ ነበር። ይህን የሚጠይቀኝ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ያችን ሱቅ ፈለግኳት፤ የጨው ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አባቴ ባንኮኒው ላይ አጎንብሷል።

«አጭር ነበረች» አልኳት። «ጠይም፣ እንዳንቺ። ስትገባ መጀመሪያ ለእኔ ነው ሰላም የምትለው፤ ራሴን ትዳብሰኛለች፤ እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ደግሞ ድምጿ አይሰማም ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርቶ ‹ጮክ በይ እህቴ፣ አልሰማሁሽም!› ይላታል፤ እሷ ደግሞ ትስቅና ከበፊቱ አሳንሳ ትናገራለች።»

አዳራሹ ሳቀ። ጋዲሴ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ቆመች። ቆይታ አንድ ነገር ተናገረች፤ ለእናቷ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። ከንፈሯ ብቻ ነው የታየኝ። በዚያ አዳራሽ ጮክ በይ ያላት ሰው አልነበረም።